ለተብርሃንና የወይራው ወታደር

ተኽኣ ወልደኣብ ቶርኖ በሚሉት ማሽከርከሪያ እንጨት መቅረጽ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሰፈሩ በዓኽርያ የእሱ እጅ ያልነካው የአልጋ እግር ማግኘት ይቸግራል። ሙሽራ የሚተኛበት፣ ወላድ የምታምጥበት፣ ሽማግሌ የሚሞትበት አልጋ ሁሉ ተኽኣ ባወጣው እግር ነው የሚቆመው። አንዳንዴ «ሰፈሩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» እያለ ይቀልዳል። ከዚህ ሌላ ስለ ራሱ የሚያወራው ነገር አልነበረውም። ስለ ትልቋ ልጁ ስለ ለተብርሃንም ቢሆን፣ ያ የቼዝ ሳጥን እስኪመጣ ድረስ፣ ለሰው የሚነግረው ጉድ አልነበረውም። አሥር ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ዝም ትላለች። በቃ።

ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ሦስት ዓመት ያለፈበት ነው። ትምህርት ቤቱ ትግርኛውን አውጥቶ አማርኛ አስገብቷል። የዓኽርያ ልጆች ክፍል ውስጥ በአማርኛ ይደምራሉ፤ ሜዳ ወጥተው በትግርኛ ይሰዳደባሉ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሲኞር ካርሊኒ የሚባል ሽማግሌ ጣልያን፣ በመሐል ከተማ ያለው የጣልያኖች ክበብ ጸሐፊ፣ ማኪናውን የተኽኣ በር ላይ አቁሞ አንድ ሳጥን ይዞ ገባ። ከጥቁሮቹ ወታደሮች አንዱ ጠፍቷል። ወታደር በቼዝ ከፊት የሚሰለፈው፣ ቀድሞም የሚሞተው ትንሹ ነው። የክበቡ ጥቁሮች ከዞጲ የተሠሩ ነበሩ፤ ተኽኣ ግን ዞጲ ከየት ያምጣ? ከወይራ እምብርት ጠርቦ ቀረጸና በጫማ ቀለም አጠቆረው። አምሮ ወጣ። አንገቱ ላይ ብቻ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ የአልጋ እግር የለመደ እጅ መቼም አመሉን አይተውም።

ቼዝ እንዴት እንደሚጫወቱት ተኽኣ አያውቅም ነበር። በቤቱ ውስጥ የሚያውቁት አማቱ ኣቦይ ኣስገዶም ናቸው። ኣቦይ ኣስገዶም በወጣትነታቸው ትግራይ ውስጥ የአንድ ትልቅ መኮንን በቅሎ ጠባቂ ነበሩ። መኮንኑ ሰንጠረዥን፣ የአገሩን ቼዝ፣ ሲጫወቱ ከኋላ ቆመው እያዩ ነው ጨዋታውን የሰረቁት። አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ የቶርኖ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለተብርሃን አምስት ዓመት ሲሞላት ከተኽኣ ቁርጥራጭ እንጨት ጦር አሰልፈው፣ «የእኔን አንቺ አንሺልኝ፤ ያንቺንም አንሺ» አሏት። ልጅቷ እጃቸው ሆነች። ውሎ አድሮ እንጨቶቹ ለምድጃ ተማገዱ። ጨዋታው ግን አልቆመም፤ በቃል ብቻ ቀጠለ።

ሽማግሌው ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ትልቅ ሰው በግንብ፣ ከገበታው ጥግ በሚነሣው፣ አይገደልም። «ግንብ ደንቆሮ ነው፤ ፊት ለፊት እየደረመሰ ነው የሚሄደው። በደንቆሮ መሞት ውርደት ነው። በወታደር ስትገድዪ ግን አንቺም ትከበሪያለሽ፣ ሟቹም ይከበራል» ይሏታል። ሁለተኛው ሕግ ከዚህ የተወለደ ነው። ለተብርሃን ከሰፈር ሽማግሌ ጋር ተጫውታ ስትመጣ፣ አሸነፍሽ ወይ ብለው አይጠይቋትም። «በምን?» ነው የሚሉት። «በግንብ» ካለች፣ «እንግዲያው አልቆጠርኩትም» ብለው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ።  ተኽኣ ይህን ሁሉ የሽማግሌና የሕፃን ጨዋታ ብሎ ነበር የተወው።

ሲኞር ካርሊኒ ወታደሩን ሊወስድ ሲመጣ፣ ለተብርሃን መሬት ተቀምጣ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ትልጋለች። ኣቦይ ኣስገዶም ከግድግዳቸው ሥር ሆነው አንድ ቃል ጣል ያደርጋሉ። እሷ ቀና ሳትል ትመልሳለች። ጣልያኑ የጸሎት መልስ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። ቆይቶ ግን «ፈረስ» የሚለውን ቃል ሰማ። ቆይቶ «ግንብ»። ከዚያ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ የእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀመጠ።

«ገበታው የታለ?» አለ በተሰባበረ ትግርኛው።

«ገበታ የላቸውም» አለ ተኽኣ አፍሮ፤ ድህነታቸውን የጠየቀው መስሎት።

ጣልያኑ ሳጥኑን ከፈተ። የእነሱን ጨዋታ ካቆሙበት ቦታ እንድትደረድርለት ጠየቃት። ለተብርሃን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ሽማግሌውን አንዴም ሳትጠይቅ፣ እያንዳንዱን በቦታው ቦታው አቆመች። ካርሊኒ ረጅም ጊዜ አየው። ሠላሳ ዓመት የክበቡን ቼዝ የመራ ሰው፣ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። በዚያ ዕለት ተኽኣ ምን እንደ ሆነ ሳይገባው፣ የሆነ ነገር እንደ ሆነ ገባው።

ካርሊኒ ሄዶ በሳምንቱ ተመለሰ። በሰኔ የከተማው ውድድር አለ፤ ለተብርሃን ትግባ። ሴት መነኮሳት የሚያስተምሩበትን አዳሪ ትምህርት ቤት አለቃ አነጋግሯል። አንደኛ ከወጣች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተምሯታል። አንደኛ ከወጣች ብቻ፤ አለቃዋ ይህን ደጋግማ ተናግራለች።

ተኽኣ ደግሞ ቃል ሰጥቶ ነበር። እህቱ ጸሃይ ገጀረት በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ቪላ ወጥ ቤት ናት። የቤቱ ሲኞራ ሕፃኗን የምታዝልላት ልጅ ፈልጋለች። ለተብርሃን አራተኛ ክፍልን በሰኔ ስትጨርስ ልትገባ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከሷ በታች አራት ልጆች አሉ፤ በቶርኖ ስምንት ሆድ አይሞላም። ጸሃይ የውድድሩን ወሬ ስትሰማ ሳቀች።

«ወንድሜ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ሲኞራዋ እስከ ሰኔ መጨረሻ ትጠብቀኛለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ትይዛለች። እኔን አታሳፍረኝ።»

«እስከ ሰኔ መጨረሻ» አለ ተኽኣ። 

ካርሊኒ ልጅቷን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የጣልያኑን ሕግ አስተማራት። በሽማግሌው ሰንጠረዥ ከንጉሡ አጠገብ ያለው አንዲት እርምጃ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ በጣልያኑ ግን እሱ ንግሥት ሆኖ እንደ ልቡ ይሮጣል። ለተብርሃን ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ «ተፈታች» አለች። የቀረውን ሁሉ አንዴ ሰምታ ያዘችው። ካርሊኒ ግን አንድ ነገር ሳይነግራት ቀረ፤ መንገር ያለበት ነገርም አልመሰለው። መቼም ሰው እንግዳውን ምግብ በአፍህ ብላ ብሎ አይመክርም።

የመጀመሪያው እሑድ በክበቡ አዳራሽ አሥራ ስድስት ተጫዋቾች ቀረቡ። አብዛኞቹ ጣልያኖች፣ ሁለት ግሪኮች፣ አንድ ሕንዳዊ መምህር፣ አንድ ሻለቃ፣ አንዲት የዓኽርያ ልጅ። ተኽኣ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ወንበር አለ፣ እሱ ግን መቀመጥ አልደፈረም። ከጎኑ ዮሃንስ የሚባል የክበቡ አስተናጋጅ ቆመ። ዮሃንስ ሃያ ዓመት ሻሂ ሲያቀርብ ከትሪው በላይ እያየ ጨዋታውን ጠንቅቆ ያወቀ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲጫወት ያልተጋበዘ ሰው ነው።

ለተብርሃን ከአንድ መሐንዲስ ፊት ተቀመጠች። መሐንዲሱ አንድ ወታደር ገፋ። ለተብርሃንም ገፋች። ከዚያ ሌላ ገፋች፤ ከዚያ ፈረሷን አወጣች፤ ከዚያ ሁለተኛውን ፈረስ፤ እጇ እንደ ሸማኔ እጅ ይመላለሳል። መሐንዲሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጣልያን በጣቱ ወደ በሩ አሳየ፤ ትውጣ ማለቱ ነው። ለተብርሃን እጇን ከገበታው አንስታ አባቷን ፈለገች። ተኽኣ መሬት ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

ያኔ ሻለቃው ተነሣ። ሻለቃ ጋሻው ይባላል፤ ከመሐል አገር የመጣ፣ ረጅም፣ ካኪ የለበሰ። በእነዚያ ዓመታት ካኪ የለበሰ መኮንን ሲነሣ፣ ዓኽርያ የተወለደ ሰው ልቡ ስንጥቅ ይላል፤ የተኽኣም አለ።

«ይህች ልጅ አላጠፋችም» አለ ሻለቃው በጣልያንኛ። ዮሃንስ ለተኽኣ እያሾከሾከ ተረጎመለት። «የአያቶቻችንን ሰንጠረዥ ነው የምትጫወተው። በዚያ ጨዋታ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ሁለቱም እንደ ፈጠናቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አባቴ እንዲህ ሲጫወቱ እያየሁ ነው ያደግሁት።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ጠየቃት። «ማን አስተማረሽ?»

«ኣቦይ ኣስገዶም።»

«እዚህ ተራ ይጠበቃል። አንድ እሱ፣ አንድ አንቺ። ገባሽ?»

«እወ… አዎ፣ ጌታዬ።»

ካርሊኒ እንደገና እንዲጀመር ፈቀደ። መሐንዲሱ በሃያ ስድስተኛው እርምጃ ተሸነፈ። ሲነሣ ወንበሩን ገፍቶ ጣለው። ማንም አልሳቀም።

በሁለተኛው እሑድ ሕንዳዊው መምህር፣ በሦስተኛው አንደኛው ግሪክ ወደቁ። ሳምንቱን ሙሉ ለተብርሃን በአፏ ትጫወታለች፤ ዱቄት ስትነፋም፣ ውኃ ስትቀዳም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከአባቷ ጋር ቆማ፣ «ከዚያ ንጉሡ ጥግ ይገባል፤ መውጫ የለውም፤ ይሞታል» አለች፣ ጥርት ባለ የትምህርት ቤት አማርኛ። ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ፖሊስ ተቀምጧል። ተኽኣ አፏን በመዳፉ ከደነው። «ስለ እንጨት ነው የምታወራው» አለ ማንም ሳይጠይቀው። ከመውረጃቸው ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግራቸው ገቡ።

የመጨረሻው እሑድ መጣ፤ የሰኔ ወርም ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከለተብርሃን ፊት የተቀመጠው ሻለቃ ጋሻው ነው። ሁሉንም አሸንፎ ነው የመጣው። እሷ ጥቁሩን ይዛለች። የጫማው ቀለም በብዙ እጅ ታሽቶ ስለ ለቀቀ፣ የተኽኣ ወታደር ከወንድሞቹ መሐል ቡናማ ሆኖ ይታያል። ተኽኣ ጨዋታውን መከተል ስለማይችል ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። እንጨቱ ቆሞ እስካለ ድረስ ተስፋ አለ ብሎ ለራሱ ሕግ አወጣ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ሻለቃው አይቀልድም፤ ሕፃን ናት ብሎም አልራራላትም። በኋላ ተኽኣ ከምንም በላይ ያከበረው በዚህ ነው። ሰዎች ከየጠረጴዛቸው እየተነሡ ከበቧቸው። ድንገት ዮሃንስ የተኽኣን ክንድ ጨመደደ።

«አለቀ» አለ በሹክሹክታ። «ግንቡን ወደ መጨረሻው መደዳ ብታወርደው አለቀ። ንጉሡ መሄጃ የለውም። ልጅህ ትምህርት ቤት ገባች።»

ለተብርሃን እጇን ዘርግታ ግንቡን ነካችው። ጣቷ እዚያው ቆየ። ተኽኣ ይህን ከበሩ ሆኖ አየ። ከዚያ ግንቡን ለቀቀችና ቡናማውን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋችው።

ከከበቡት መሐል አንዱ አቃሰተ። ዮሃንስ ግንባሩን መታ። «ምን ነካት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!»

ተኽኣ የሰማው ይህን ብቻ ነው። ገጀረት ታየው፤ የቪላው የኋላ በር፣ የሌላ ሰው ሕፃን በዚያች ቀጭን ጀርባ ላይ። ሻለቃው ግን አላቃሰተም። ቀና ብሎ ልጅቷን ትክ ብሎ አያት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምን እንዳደረገች የገባው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ፈረሱን አስገብቶ ንጉሧን ወጋ፤ አልማራትም። እሷ ንጉሧን አንድ ቦታ ፈቀቅ አደረገች። ደግሞ ወጋ፤ ደግሞ ፈቀቅ። ዮሃንስ ማሾክሾኩን ትቶ አፉን ያዘ። ወታደሩ አንድ እርምጃ ሄደ። ሻለቃው ንጉሡን አሸሸ። ወታደሩ ሌላ እርምጃ ሄደና ቆመ፤ ንጉሡ መሸሻ አጣ።

 ሻለቃ ጋሻው ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አየና ንጉሡን በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ አስተኛው።

«በግንቡ ልትጨርሺኝ ትችዪ ነበር» አላት። «አይተሽዋል። ለምን ተውሽ?»

«ኣቦይ ኣስገዶም ትልቅ ሰው በግንብ አይገደልም ይላሉ፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ተነሣ። ጠረጴዛው ጥግ የነበረውን የመኮንን ቆቡን አንስቶ በወጉ አጠለቀ። ካጠለቀ በኋላ ቀጥ ብሎ ለአሥር ዓመት ልጅ ሰላምታ ሰጠ። ያኔ ነው አዳራሹ ያጨበጨበው። ዮሃንስ ትሪውን እንደያዘ ያለቅስ ነበር። ሲኞር ካርሊኒ ምን ትፈልጊያለሽ ሲላት፣ ለተብርሃን ቡናማውን ወታደር እስከ ነገ እንዲያውሳት ጠየቀች። ካርሊኒ፣ «ውሰጂው፤ ሳጥኑ አንድ ወታደር መጉደል ለምዷል» አለ።

አባትና ልጅ ከኮምቢሽታቶ፣ ከመሐል ከተማው ዋና ጎዳና፣ ወደ ዓኽርያ በእግራቸው ወጡ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ተኽኣ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ብሎታልም። ግን ተናዷል።

«ግንቡን አይተሽው ነበር?»

«እወ፣ ባባ።»

«ብትሸነፊስ ኖሮ? ነገ ገጀረት ሕፃን አዝለሽ ነበር የምትውዪው። ለሽማግሌ ወግ ብለሽ ዕድሜ ልክሽን ታስይዣለሽ?»

«አልሸነፍም ነበር።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

ለተብርሃን ቆመች። ዓይኗን ጨፈነችና መናገር ጀመረች። ሻለቃው ንጉሡን ወደ ግራ ቢያሸሽ እሷ ምን ታደርግ እንደ ነበር፤ ወደ ቀኝ ቢያሸሽ፤ ፈረሱን ባያስገባ፤ ንግሥቱን ቢመልስ። ከአንዱ መንገድ ሁለት ይወጣል፣ ከሁለቱ አምስት። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያው ቡናማ ወታደር ዘንድ ይደርሳል። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሰው አውርዶ ሄደ፤ እሷ አልጨረሰችም። ተኽኣ መንገዶቹን እስከ ዘጠኝ ቆጠረና ጠፋበት። ንዴቱ ወዴት እንደ ሄደ አላወቀም። ልጁን ፈራት። ለዚህች ልጅ ሽንት ጨርቅ ያጠበላት፣ ጸጉሯ ውስጥ የገባ ፍቅፋቂ የለቀመላት እሱ ነው። በዚያች ትንሽ ራስ ውስጥ ይህ ሁሉ አገር እንዳለ ግን ዛሬ ገና አየ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰ ያህል ነጠላውን አስተካከለ።

«ካወቅሽ ታዲያ ጣትሽ ግንቡ ላይ ለምን ቆየ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቶሎ መጨረስ አማረኝ፣ ባባ። ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ቤት ስገባ ኣቦይ ኣስገዶም ‹በምን?› ሲሉኝ ምን እንደምመልስ አሰብኩ።»

ተኽኣ እጇን ያዘ። እስከ ቤታቸው ድረስ አልለቀቃትም።

ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ጸሃይ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። አጠገቧ እናቲቱ ኣብርሄት እጇን አጣምራለች። ትንንሾቹ ልጆች ከፍቅፋቂው ክምር ላይ ተነሡ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሸነፈች?» አሉ። ተኽኣ ለእህቱ፣ «ሲኞራዋ ሌላ ልጅ ትያዝ» አለ። ጸሃይ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ወንድሟን አየች። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ኣቦይ ኣስገዶም ግን ከግድግዳቸው አልተነሡም። እልልታው እስኪበርድ ጠበቁ።

«ለተብርሃን።»

«አቤት፣ ኣቦይ።»

«በምን?»

ልጅቷ አጠገባቸው ተንበረከከች። ወታደሩን ከኪሷ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ሽማግሌው ጨበጡት። በአውራ ጣታቸው ከራሱ ጀምረው ወደ ታች ዳሰሱት፤ አንገቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወፍራሙን አንገት ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ይህ የተኽኣ እጅ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ይህን ቆጥሬዋለሁ» አሉ።

ተኽኣ ፊቱን ወደ ቶርኖው አዞረ። እሑድ መሆኑን ረስቶ፣ ከክምሩ ውስጥ እንጨት የሚፈልግ መሰለ።